የአዳማ ነፋስና የለጋ ከዋክብት አቧራ፦ «ሞዴል ግምት ነው» ላሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በአዳማ የንባብ ወዳጆች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው የከተማችን ሰው ናቸው፤ ብዕራቸው ስል ነው፤ ነገር ማሳመርም ያውቁበታል። ርእሰ ጉዳያቸው በለጋ ከዋክብት ዙሪያ የሚሽከረከረው የጋዝና የአቧራ ዲስክ ሲሆን የሚሉት በአጭሩ ይህ ነው። ዓለም የሚደነቅባቸው የዲስክ ምስሎች ኮምፒውተር የቀባቸው እንጂ ማንም ያያቸው አይደሉም። የአቧራው ክብደትና የቅንጣቶቹ መጠን ሚዛን ሳይነካ የተነገረ ወሬ ነው። አቧራ ከአቧራ ተጣብቆ ዓለም ይሆናል ማለት ከልምዳችን ጋር ይጋጫል። በዲስኩ ላይ ክፍተት በታየ ቁጥር «ፕላኔት ተገኘ» ይባላል፤ በየትኛውም ክፍተት ግን ፕላኔት የለም። በመጨረሻም፣ ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው? የጽሑፉ ማሰሪያ ደግሞ ሞዴል ማለት የተከሸነ ግምት ነው የሚለው ሐሳብ ነው።

ብዕር ያስነሣኝ ይህ ማሰሪያ ነው። ነጥቦቹን በእርሳቸው ቅደም ተከተል እሄድባቸዋለሁ። በአንዱ ነጥብ ላይ ጸሐፊው እውነት አላቸው፤ እውነት ያደረጋቸው ግን እርሳቸው የጠቀሱት ምክንያት አይደለም። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጸሐፊው ደጋግመው የሚያነሡት በኖቬምበር 2014 ይፋ የሆነውን የኤች ኤል ታውሪን ምስል ነው። ኤች ኤል ታውሪ ከእኛ 450 የብርሃን ዓመት ያህል የሚርቅ፣ ዕድሜው ከአንድ ሚሊዮን ዓመት ብዙም የማይዘል ለጋ ኮከብ ነው። በምስሉ ላይ ብሩህ ቀለበቶችና ጨለም ያሉ ክፍተቶች እየተፈራረቁ ይታያሉ። ምስሉ የተገኘው አልማ ከተባለው፣ በቺሊ አታካማ በረሃ 5,000 ሜትር ከፍታ ላይ ከተተከለው የ66 አንቴናዎች ስብስብ ነው። ብርቱካናማ የሆነው ሰዎች ብርቱካናማ ይሁን ስላሉ ነው። ዲስኩ አጠገብ ቆመን ብናየው እንዲህ አይመስልም። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር አንለያይም።

የምንለያየው ከዚህ ወዲያ ነው። ቀለሙ ስለተመረጠ ቅርጹም ተመርጧል ማለት አይቻልም። የዲስኩ ውጫዊ ክፍል ሙቀት 20 ኬልቪን ገደማ ነው፤ በምናውቀው መለኪያ ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ሴልሺየስ ማለት ነው። ይህን ያህል የቀዘቀዘ አቧራ ዐይናችን የሚለየውን ብርሃን አያመነጭም። የሚያመነጨው የሞገድ ርዝመቱ ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ጀምሮ እስከ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚደርስ ጨረር ነው። ይህን ለመያዝ አንቴና ያስፈልጋል፤ አንቴናዎቹም የሚሠሩት በጥንድ ነው። ከኮከቡ የመጣው ሞገድ አንደኛው አንቴና ዘንድ ከሌላኛው በጥቂቱ ቀድሞ ይደርሳል። የሁለቱ ምልክት ሲጣመር የሚወጣው ቁጥር፣ በሰማዩ ላይ በአንድ አቅጣጫና በአንድ የተወሰነ ስፋት ምን ያህል የብርሃን ውጣ ውረድ እንዳለ ይናገራል። የተቀራረቡ ጥንዶች ሰፋፊውን ቅርጽ፣ የተራራቁት ጥቃቅኑን ይለካሉ። 66ቱም ቢሠሩ በአንድ ቅጽበት 2,145 ጥንድ ይወጣል። ምድር ስትሽከረከር ደግሞ ጥንዶቹ ከኮከቡ አንጻር አቅጣጫቸውን ስለሚለውጡ ቁጥሩ እየተበራከተ ይሄዳል። በ2014ቱ ምልከታ አንዳንዶቹ አንቴናዎች እስከ 15 ኪሎ ሜትር ተራርቀው ነበር፤ ከአዳማ መሐል ተነሥቶ ወንጂን የሚያልፍ ርቀት ነው።

ያልተለካ ስፋት ሲኖር ኮምፒውተሩ ክፍተቱን መሙላት አለበት። ይህ የዘዴው ደካማ ጎን ነው፤ ማንም አልደበቀውም። ጠንቃቃ ተመራማሪዎች ምስሉን ወደ ጎን ትተው ሞዴላቸውን በቀጥታ ከተለኩት ቁጥሮች ጋር የሚያፋጥጡትም በዚሁ ምክንያት ነው። በተጨማሪም በኒው ሜክሲኮ የሚገኘው ቪኤልኤ የተባለ ሌላ የአንቴናዎች ስብስብ ያንኑ ኮከብ በ7 ሚሊ ሜትር የሞገድ ርዝመት ተመልክቶ በ2016 የወጣው ውጤት የውስጠኛውን ክፍል ቀለበትና ክፍተት አሳይቷል። ሌላ አገር፣ ሌላ መሣሪያ፣ ሌላ የሞገድ ርዝመት። ሁለት የማይተዋወቁ ምስክሮች አንድ ቃል ሲሰጡ ዳኛ ምን እንደሚያደርግ ጸሐፊው አያጡትም።

ከሁሉ በላይ ግን የጸሐፊውን ክርክር የሚያፈርሰው ሰዎቹ ከምስሉ በፊት የጠበቁት ነገር ነው። ይህን ያህል ለጋ በሆነ ኮከብ ዙሪያ ይህን ያህል የተደረደረ ቀለበት ይገኛል ብሎ የጠበቀ ተመራማሪ ጥቂት ነበር። አብዛኛው ሞዴል ለስላሳና ወጥ ዲስክ ወስዶ ይነሣ ነበር። ኮምፒውተሩ የተመራማሪዎቹን ምኞት የሚቀባ ቢሆን ኖሮ የሚቀባው ወጥ ዲስክ ነበር። የመጣው ምስል ግን የነበራቸውን ሞዴል አፈረሰባቸው።

«ማንም አላያቸውም» የሚለውንም በዚሁ ልጨርሰው። የሀብል ቴሌስኮፕ በ1990ዎቹ ኦሪዮን ኔቡላ በተባለው የጋዝ ደመና ውስጥ ያሉ ዲስኮችን ለዐይን በሚታይ ብርሃን አንሥቷቸዋል። ከኋላቸው ያለው ጋዝ ብሩህ ስለሆነ ዲስኮቹ ጥቁር ጥላ ሆነው ወጥተዋል። ይህኛውን አንቴና አልነካውም።

በነገራችን ላይ ጸሐፊው ቬጋ የተባለችውን ኮከብ ከኤች ኤል ታውሪ ጋር በአንድ ከረጢት ከተዋታል። በ1983 አይራስ የተባለው ሳተላይት በቬጋ ዙሪያ አቧራ ማግኘቱ፣ በቀጣዩም ዓመት ቤታ ፒክቶሪስ በተባለው ሌላ ኮከብ ዙሪያ ያለው ዲስክ ምስል መነሣቱ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ቬጋ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዕድሜ አላት። በዙሪያዋ የሚታየው አቧራ ቀድመው የተሠሩ አካላት እርስ በርስ ተጋጭተው የፈጩት ፍርስራሽ ነው። ፕላኔት ገና ሊሠራበት ካለው የመጀመሪያ አቧራ ጋር ዘሩም ዕድሜውም ይለያያል፤ ስለ አንዱ የተነገረውን ለሌላው መስጠት አይገባም።

ሁለተኛው ነጥብ ከጽሑፉ ሁሉ የበሰለው ነው። ጸሐፊው፣ ብርሃን ብቻ አይቶ ክብደት መናገር እንዴት ይቻላል ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የጎደላቸው ስሌቱን ማየት ነበር። ስለዚህ እዚሁ እንየው።

ኤች ኤል ታውሪ በሚገኝበት በታውረስ የሰማይ ክፍል፣ 450 የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ያለ አንድ ዲስክ በ1.3 ሚሊ ሜትር የሞገድ ርዝመት 100 ሚሊ ጃንስኪ ብርሃን ላከልን እንበል። ጃንስኪ የራዲዮ ብርሃን መለኪያ ነው። አቧራው ጨረሩን የማያፍን፣ ከታች ያለው ሳይጋረድ የሚታይበት ስስ ነው ብለን እንነሣ። ሙቀቱ በአማካይ 20 ኬልቪን ይሁን። አንድ ግራም አቧራ በዚህ የሞገድ ርዝመት 2.3 ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚያክል ጨረር የመዋጥ አቅም አለው የሚለውን የተለመደ ቁጥርም እንውሰድ። እነዚህን ይዘን ስናሰላ መሬትን 55 ጊዜ ያህል የሚመዝን አቧራ እናገኛለን። አሁን ሙቀቱን ብቻ ወደ 30 ኬልቪን እንለውጥ፤ ውጤቱ ወደ 33 ይወርዳል። ሙቀቱን መልሰን የመዋጥ አቅሙን በእጥፍ ብናሳድገው 55ቱ ግማሽ ይሆናል። የሰማዩ ብርሃን ቅንጣት ታህል ሳይለወጥ መልሱ እንዲህ ይዋዥቃል። በዚያ ላይ የጠቅላላውን ዲስክ ክብደት ለማወቅ ብዙ ጊዜ የአቧራው ክብደት በ100 ይባዛል፤ በከዋክብት መካከል ባለው ጠፈር የጋዝና የአቧራ መጣኔ 100 ለ1 ገደማ ስለሆነ ነው። በዲስክ ውስጥም መጣኔው እንዲሁ ይቆያል ብሎ መማል አይቻልም።

እንግዲህ እውነት አላቸው ያልኩት እዚህ ላይ ነው። የዲስክ አቧራ ክብደት በጋዜጣ ላይ አንድ ነጠላ ቁጥር ሆኖ ሲወጣ አንባቢ ሊጠራጠር ይገባዋል። ጸሐፊው ግን ከዚህ ተነሥተው «ስለዚህ ወሬ ነው» ወደሚል ድምዳሜ ዘለሉ። ይህ ውሃ አይቋጥርም። ስሌቱ የትኛው ቁጥር ቢለወጥ መልሱ በምን ያህል እንደሚለወጥ ራሱ ይነግረናል። ወሬ እንዲህ ያለ ሒሳብ አያቀርብም። የዲስኮቹን ክብደት እርስ በርስ ለማነጻጸር ደግሞ የጋራው ስሕተት በሁሉም ላይ እኩል እስካረፈ ድረስ ማን ከማን እንደሚበልጥ መናገር ይቻላል።

የቅንጣቶቹ መጠን ነገር ከዚህም ይበልጥ አስደሳች ነው። በከዋክብት መካከል የሚገኘው አቧራ ከማይክሮ ሜትር፣ ማለትም ከሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ፣ ያነሰ ነው፤ የሲጋራ ጢስን ያህል ደቃቅ። እንዲህ ያለ ደቃቅ አቧራ የሞገድ ርዝመቱ ሲጨምር ብርሃኑ በፍጥነት ይቀንሳል። ቅንጣቱ ሚሊ ሜትር ሲያክል ግን ቅነሳው ዘገም ይላል። ስለዚህ ዲስኩን በ1 ሚሊ ሜትርና በ3 ሚሊ ሜትር ለክቶ ሁለቱን በማነጻጸር መጠኑን መገመት ይቻላል። በዚህ መንገድ ብዙ ዲስኮች ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚያክል ጠጠር እንደያዙ ተነገረ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ የጸሐፊው ጥርጣሬ ቦታ አይኖረውም ነበር።

አላለቀም። የአቧራው ብርሃን ንዝረት በየትኛው አቅጣጫ እንደሚያዘነብል፣ ማለትም ፖላራይዜሽኑ፣ በኤች ኤል ታውሪ ላይ ሲለካ የተገኘው ፍንጭ ሌላ ሆነ። ቅንጣቶቹ ሚሊ ሜትር ቢያክሉ ያ ዓይነት ፖላራይዜሽን አይታይም ነበር፤ ከ0.1 ሚሊ ሜትር ብዙ መብለጥ የለባቸውም ተባለ። በአንድ ኮከብ ላይ ሁለት መለኪያ፣ በአሥር እጥፍ የሚለያይ መልስ! ምክንያቱ ሲፈተሽ ከተገኙት አንዱ አቧራ ጨረርን መዋጥ ብቻ ሳይሆን መበተኑም ነው። ጥቅጥቅ ባለ ዲስክ ውስጥ መበተኑ ዲስኩን ከእውነቱ ይልቅ ደብዛዛና ስስ ያስመስለዋል፤ ደቃቁን አቧራም ትልልቅ ጠጠር ያስመስለዋል። በ2019 የወጡ ጥናቶች ይህን በስሌት አሳዩ። ይህ ትክክል በሆነበት ዲስክ ቀደም ሲል የተነገረው ክብደት ከእውነተኛው ያነሰ ነው ማለት ነው። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም፤ የቅንጣቶቹ ቀዳዳማነትም የራሱን ጣጣ ይጨምራል። ታዲያ ይህን ድክመት ያወጣው ማን ነው? ጸሐፊው «የተከሸነ ግምት» ያሉት ሞዴል ራሱ ነው።

ሞዴሉ እንዴት እንደሚሠራ በጽሑፋቸው ስላልነኩት ጥቂት ልበል። የሥራው ልብ ከኮከቡ የሚወጣውን ብርሃን በሚሊዮን በሚቆጠሩ ጥቅሎች ከፋፍሎ በኮምፒውተር ውስጥ መልቀቅ ነው። እያንዳንዱ ጥቅል በዲስኩ ውስጥ ይጓዛል። የት እንደሚዋጥ፣ የት እንደሚበተን፣ ወዴት እንደሚታጠፍ በዕጣ ይወሰናል፤ የዕጣው ዕድል ግን በአቧራው ጠባይ የተመጠነ ነው። ጥቅሉ የተዋጠበት ቦታ ይሞቃል፤ የሞቀው አቧራ መልሶ ያበራል። ጉዞው ሁሉ ሲያልቅ የዲስኩ ሙቀት በየቦታው ይታወቃል፤ ከዚያም ዲስኩ በ1.3 ሚሊ ሜትር ምን እንደሚመስል ይሰላል። የተሰላው ምስል በእነዚያው የአንቴና ጥንዶች እንደታየ ተደርጎ ወደ ቁጥር ይለወጥና ከተለካው ጋር ይፋጠጣል። ካልገጠመ የአቧራው ሥርጭት፣ መጠን ወይም የዲስኩ ውፍረት ይቀየርና እንደገና ይሮጣል። ብዙ የማይገጥም ይጣላል። ግምት የሚጣልበት መንገድ ከሌለው ግምት ነው፤ ይኼኛው ግን ተጥሎ የሚያልቀው በገፍ ነው።

ወደ ሦስተኛው ነጥብ ልለፍ፤ የአዳማ አንባቢ ሁሉ የሳቀበት እርሱ ይመስለኛል። ከተማችን ናዝሬት ከምትባልበት ዘመን ጀምሮ አቧራ ሲነፍስ ኖረ፤ አውሎ ነፋሱ በበጋ ቀትር ከሜዳው ተነሥቶ እየተሽከረከረ ይመጣል፤ የመስኮት መስታወት ጠዋት ተጠርጎ ከሰዓት በኋላ በጣት ይጻፍበታል፤ ይህ ሁሉ አቧራ ግን ተጣብቆ አንዲት ጠጠር ሲሠራ አልታየም ይላሉ። ደስ የሚል አጻጻፍ ነው። በከተማዋ ዙሪያ ባሉት ኮረብቶች ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ለጌጥ አይደለምና ነፋሳችንን በተመለከተ ምስክርነታቸውን እቀበላለሁ።

ችግሩ ፍጥነት ላይ ነው። የአዳማን አቧራ የሚያንገላታው ነፋስ በሰከንድ በሜትሮች የሚቆጠር ፍጥነት አለው፤ ቅንጣቱም በዚያው ፍጥነት ግድግዳ ይመታል፤ ሲያርፍ ደግሞ የምድር ስበት ከመሬት ያጣብቀዋል እንጂ ከጓደኛው ጋር እንዲንሳፈፍ አይተወውም። በዲስክ ውስጥ ማይክሮ ሜትር የሚያክሉ ቅንጣቶች ከጋዙ ጋር አብረው ስለሚሄዱ እርስ በርስ የሚገናኙት በሰከንድ ከአንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ ሊያንስ በሚችል ፍጥነት ነው። በዚህ ፍጥነት ሲነካኩ በሞለኪውሎች መካከል ያለው ደካማ መሳሳብ ይበቃቸዋል፤ ተጣብቀው ይቀራሉ። ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ሐሳብ አይደለም። በ1998 ዲስከቨሪ የተባለችው መንኮራኩር፣ የ77 ዓመቱ ጆን ግሌን ወደ ጠፈር በተመለሱበት በዚያው ጉዞ፣ የአቧራ ማጣበቂያ ሙከራ ይዛ ወጥታለች። ክብደት አልባ በሆነ ስፍራ የተበተነው ደቃቅ አቧራ በአጭር ጊዜ ውስጥ እየተያያዘ ሰንሰለት መሳይ ቅርጽ ሠራ። በጀርመን ብሬመን ባለው 146 ሜትር ከፍታ ያለው የመጣያ ማማ ውስጥም አቧራ በነፃ ውድቀት ላይ እያለ እየተጋጨ ተፈትኗል። ከእነዚህና ከመሰል ሙከራዎች የተገኘው ውጤት፣ ማይክሮ ሜትር የሚያክል የሲሊካ ቅንጣት በሰከንድ አንድ ሜትር ገደማ እስኪደርስ ድረስ እንደሚጣበቅ ያሳያል።

ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ ጸሐፊው ቢያውቁት ኖሮ የተሻለ ድንጋይ ይወረውሩ ነበር። ተጣብቆ ያደገው ጓል ሚሊ ሜትር ሲያክል ግጭት ማጣበቁ ይቀርና ይነጥራል። ፍጥነቱ ከፍ ካለ ይሰባበራል። የባሰው ደግሞ የጋዙ ተቃውሞ ነው። ጋዙ ግፊት ስለሚደግፈው ኮከቡን የሚዞረው ከአቧራው በጥቂቱ ዘግይቶ ነው። ስለዚህ አቧራው ፊት ለፊት ነፋስ ይገጥመዋል፤ ጉልበቱን እያጣ ወደ ኮከቡ ይንሸራተታል። ስቱዋርት ዋይደንሺሊንግ በ1977 እንዳሰላው፣ መሬት ከፀሐይ ባላት ርቀት ላይ ያለ አንድ ሜትር የሚያክል አለት በ100 ዓመት ገደማ ውስጥ ኮከቡ ውስጥ ይገባል። ዲስኩ ግን ጥቂት ሚሊዮን ዓመት ይቆያል። ማለትም አለቱ ሳያድግ ያልቃል። የዘርፉ ሰዎች ራሳቸው ላይ ያነሡት ይህ ጥያቄ ከአዳማ አውሎ ነፋስ እጅግ የከበደ ነው።

መውጫውም ከዚያው ከጋዙ ነው የተገኘው። ፍሬድ ዊፕል በ1972 እንዳመለከተው፣ በዲስኩ ውስጥ ግፊቱ ከፍ ያለበት ቀለበት ካለ የፊት ነፋሱ እዚያ ይጠፋል፤ አቧራው ከሁለቱም ወገን ወደዚያ ተንሸራቶ ይከማቻል። በ2005 ደግሞ አንድሩ ዩዲንና ጄረሚ ጉድማን አቧራው ሲጠራቀም ጋዙን መልሶ እንደሚገፋውና ክምችቱ ራሱን እያባባሰ እንደሚሄድ አሳዩ። በቂ ሲጠቀጠቅ በራሱ ስበት ይሰበሰባል፤ ሚሊ ሜትሩ ጠጠር በሜትር ደረጃ ሳይንገላታ በቀጥታ ኪሎ ሜትሮች ወደሚሰፋ አካል ይሸጋገራል። እንግዲህ ልብ ይሏል፦ አልማ በ2014 ያሳየን ቀለበት ዊፕል ከ42 ዓመት በፊት በብዕር የጠየቀው ዓይነት ቀለበት ነው። ኒው ሆራይዘንስ የተባለችው መንኮራኩር በጃንዋሪ 1 ቀን 2019 አጠገቡ ያለፈችው፣ ከፕላኔቶቹ ወዲያ ፀሐይን የሚዞረው አሮኮትም ይህን ያጠናክራል። 36 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው ይህ አካል ሁለት ክፍሎቹ ሳይደቃቁ በዝግታ ተነካክተው የተያያዙ ናቸው። ኃይለኛ ግጭት ቢሆን ኖሮ ቅርጻቸው ይህን አይመስልም ነበር።

አራተኛውን ነጥብ በተመለከተ ግማሹን ለጋዜጦች እሰጣለሁ። ክፍተት ባየ ቁጥር «ፕላኔት ተገኘ» ብሎ ርእስ የሚሰጥ ጋዜጣ ሞልቷል። የሙያው ሰዎች ግን ሌሎች ምክንያቶችንም ሲፈትሹ ኖረዋል። የመግነጢስ ኃይል በጋዙ ውስጥ ግፊቱ ከፍና ዝቅ እንዲል ሊያደርግ ይችላል። ካርቦን ሞኖክሳይድን የመሳሰለ ጋዝ በረዶ የሚሆንበት መስመር ላይም የአቧራው ጠባይ ሊለወጥ ይችላል። ይህ የበረዶ መስመር ሐሳብ ጥሩ ፈተና አለው፦ ትክክል ከሆነ ቀለበቶቹ የሚገኙት በተወሰነ ሙቀት ላይ ነው፤ ደማቅ ኮከብ ዘንድ ራቅ፣ ደብዛዛው ዘንድ ቀረብ ማለት አለባቸው። በ2018 ዲሻርፕ በተባለው ዘመቻ አልማ 20 ዲስኮችን በዝርዝር ሲመለከት ቀለበቶቹ ይህን ሥርዓት ሳይከተሉ በየቦታው ተገኙ። የበረዶ መስመር የአንዳንዱ ቀለበት ምክንያት ሊሆን ይችል ይሆናል፤ የሁሉም ነው የሚለው ግን ወደቀ።

ፕላኔት ነው የሚባለውስ? ፒዲኤስ 70 የተባለው ኮከብ 370 የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ነው፤ በዲስኩ መሐል ሰፊ ባዶ ቦታ አለ። በ2018 እዚያው ባዶ ቦታ ውስጥ አንድ ፕላኔት በቀጥታ ታየ። በ2019 ሁለተኛው ታየ፤ በላዩ ላይ የሚወርደው ሃይድሮጅን የሚያበራውን ብርሃን በመያዝ ነው የተገኘው። በ2021 ደግሞ በሁለተኛው ፕላኔት ዙሪያ የራሱ ትንሽ የአቧራ ዲስክ እንዳለ አልማ አረጋገጠ። ኤችዲ 163296 በተባለው ኮከብ ላይም በ2018 ሁለት ቡድኖች በየፊናቸው የጋዙን ፍጥነት ለክተው፣ ጋዙ ከሚጠበቀው ዞር የሚልባቸውን ቦታዎች አግኝተዋል፤ ከባድ ነገር አጠገቡ ሲያልፍ የሚያደርገውን ዓይነት። ስለዚህ «በሁሉም ክፍተት ፕላኔት አለ» የሚለው ያልተረጋገጠ ነው፤ «በየትኛውም የለም» የሚለው ግን ተረጋግጦ የተሻረ ነው። ጸሐፊው የያዙት ሁለተኛውን ነው።

የቀረው «ለእኛ ምናችን ነው» የሚለው ነው። ውሃና መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህን የሚጠይቅ ሰው ሊገሠጽ አይገባም። ሆኖም መልሱ ጸሐፊው እንዳሰቡት ሩቅ አይደለም። ብርሃን በአቧራ ቅንጣት ላይ ሲያርፍ ምን ያህሉ እንደሚዋጥና ምን ያህሉ እንደሚበተን የሚያሰላው ሒሳብ ጉስታፍ ሚ የተባለ ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ በ1908 ያወጣው ነው። የዲስክ ሞዴል የሚሠራው በዚሁ ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ከሳተላይት ሆኖ በከተማ አየር ውስጥ ያለውን አቧራ የሚገምተውም በዚሁ ላይ ነው። ያንኑ ብርሃን አይቶ ክብደት የመናገር ጣጣ፣ ያንኑ የቅንጣት መጠን ጭቅጭቅ እዚህም እናገኘዋለን። በአዳማ ስንት አቧራ እንደምንተነፍስ በትክክል ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ሁለተኛውን ነጥቤን በሌላ ሙቀትና በሌላ ማዕድን መልሶ ያነበዋል ማለት ነው።

አገራችንም ከጉዳዩ ውጭ አይደለችም። በእንጦጦ ተራራ ላይ ሁለት የአንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ቴሌስኮፖች አሉ። ሚሊ ሜትር ሞገድ አይዙም፤ ነገር ግን በዙሪያቸው ያለው አቧራ ፊታቸውን ሲጋርድ የሚደበዝዙ ለጋ ከዋክብትን ለመከታተል ይህ ስፋት በቂ ነው። ኤኤ ታውሪ የተባለው ኮከብ ለዓመታት በየ8 ቀኑ ገደማ ይደበዝዝ የነበረው በዲስኩ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ያለ እብጠት እየጋረደው ነበር። በ2019 ኢትዮጵያ ኤችዲ 16175 የተባለውን ኮከብ ቡና፣ ፕላኔቱንም አቦል ብላ በዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበር ዘንድ ማስመዝገቧም ይታወቃል። አቦልም ከዲስክ ነው የተወለደው።

ለመሞከር የሚፈልግ ሰው ቺሊ መሄድ አይጠበቅበትም። የአልማ ምልከታ በአብዛኛው ከአንድ ዓመት በኋላ ለማንም ክፍት ይሆናል። የዲሻርፕ 20 ዲስኮች መረጃ ተለቋል። የኤች ኤል ታውሪም ቁጥር ተለቋል። ቀደም ሲል የገለጽኩትን የብርሃን ጉዞ የሚያሰላው፣ በሃይደልበርግ ኮርኔሊስ ዱለሞንድ የሠሩት ራድኤምሲ 3ዲ የተባለ ፕሮግራም በነፃ ይወርዳል፤ ቀለል ያለ ሞዴል ከሆነ ተራ ኮምፒውተር ላይ ይሮጣል። በከተማችን ዩኒቨርሲቲ ያለ የፊዚክስ ተማሪ መብራት በማይጠፋበት ሌሊት ሊያስኬደው ይችላል።

ጸሐፊውም ቢሆኑ ግብዣው አይቀርባቸውም። ቀለበት የሌለበት ወጥ ዲስክ ከኤች ኤል ታውሪ ቁጥሮች ጋር የሚገጥምበትን ሞዴል ሠርተው ቢያሳዩን በደስታ አነበዋለሁ። ሲያቀርቡት ግን የወሰዱትን ሙቀት፣ የቅንጣት መጠንና የመዋጥ አቅም አብረው ይጻፉልን፤ አለዚያ በ55 እና በ33 መካከል የቱን እንደመረጡ አናውቅም።